ወፍ ለማየት ኬንያ፣ ያውም በአውቶቡስ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የከፈቱት የደብረ ብርሃን የባዮሎጂ መምህር ናቸው። በክረምቱ እረፍት ሁለት ሳምንት አላቸው። ኬንያ ሄደው ወፍ ማየት ይፈልጋሉ። አውሮፕላን የለም። የኪራይ መኪና የለም። አስጎብኚ ድርጅትም የለም፤ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። በአውቶቡስ፣ በማታቱ (በኬንያ ሚኒባስ)፣ ሲጠፋ በሞተር ብስክሌት፣ የቀረውን በእግር። ያሰቡትንም ዘርዝረዋል፦ ናይሮቢ፣ ናይቫሻ፣ ናኩሩ፣ የካካሜጋ ጫካ፣ ከዚያ ሞምባሳና የባሕሩ ዳርቻ። ይሄ ሁሉ በሁለት ሳምንት ይሆናል ወይ ነው ጥያቄው። የሄደ ሰው ካለ እንዲነግራቸው ለምነዋል።

የሄደም ያልሄደም መለሰ። አብዛኛው መላሽ የሰሜን ሸዋ ሰው ነው፤ ጥቂቱ ናይሮቢ የሚኖር። ክሩ (የጥያቄና መልሱ ሰንሰለት) ረጅም ነው፣ መሐሉ ላይም ጭቅጭቅ አለበት። የሚረባውን ሰፋ አድርጌ፣ የማይረባውን ቶሎ ቶሎ እያለፍኩ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቱን መላሾቹ እንደጻፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ትቼዋለሁ።

መልስ 1 ጨዋ ነው። መምህሩን አንቱ ብሎ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ መንገዱን አስረዳ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ችግር የለውም። ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። የእኛ መኪና የሚያወርደው ላምበረት ነው። የሞያሌው የሚነሳው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ፣ ያውም ገና ሳይነጋ። ስለዚህ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ማደር ግድ ነው፤ አልጋውም ወደ ቃሊቲ ቢሆን ይመረጣል። ሻንጣው ጣሪያ ላይ ሲወጣ የሩቅ ማያ መነጽሩ (ባይኖኩላሩ) አብሮ እንዳይወጣም አስጠንቅቋል። እስከ ሞያሌ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሲንገጫገጭ የዋለ ባይኖኩላር አንዱን ወፍ ሁለት አድርጎ ያሳያል።

መልስ 2 የመጀመሪያውን በትህትና አረመ። ቦረና ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነው። ሞያሌ ድረስ በአንድ ትንፋሽ መሄድ ሞኝነት ነው ባይ ነው። ያቤሎ ላይ መውረድ አለባቸው። ከያቤሎና ከሜጋ አካባቢ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ የቁራ ዘመድ እዚያ አለ። ለሳይንስ የተዋወቀው በ1938 ነው። ሰውነቱ ግራጫ፣ ክንፉና ጭራው ጥቁር፣ ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ አለው። ከብት ባለበት መንደር መሬት ሲጭር ይውላል። ስለዚህ መኪና ተከራይቶ ፓርክ መግባት አያስፈልግም፤ ከከተማው ጫፍ ጀምሮ በእግር መሄድ ይበቃል። ከዚያ የሚገርመውን ጨመረ። ግራሩም ከብቱም ከዚያ አካባቢ አልፎ ብዙ ቦታ አለ፤ ወፉ ግን አይሄድም። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት የደረሱበት ምክንያት ሙቀት ነው። አካባቢው ከዙሪያው ቀዝቀዝ ይላል፤ ወፉም ከዚያ ቀዝቃዛ ክልል አይወጣም።

ይህን ሳነብ መምህሩ ገና ድንበር ሳይሻገሩ ጉዞው እንደተጀመረ ገባኝ።

መልስ 3 ላይ ድምፁ ተቀየረ። የአንኮበር ልጅ ነኝ ይላል። ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ የአንኮበር ሴሪን የምትባለውን ወፍ ሊያይ ሲመጣ፣ የእኛ ሰው ከዚያው ከደጁ ተነስቶ ኬንያ መሄዱ አልገባውም። ወፊቱ አንኮበር ገደል ላይ የተገኘችው በ1976 ነው፤ በ1979 ጆን አሽ የተባለ የወፍ አጥኚ ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቃት። ከአንኮበር ሌላ የትም የለችም ብሎም ደመደመ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በሚኒባስ ደርሶ መልስ። ይህን ሁሉ የጻፈው መምህሩ ሴሪን አይተው አያውቁም ብሎ በማሰብ ነው።

መልስ 4 የመምህሩ ነው። አልተቆጡም። እንደሚያውቋት ነገሩት፤ እንዴት እንደሚያውቋትም። ገደሉ አፋፍ ላይ ጋቢ ተከናንቦ መቀመጥ ነው ይላሉ። ነፋሱ ከቆላው ወደ ላይ እየገፋ ይመጣል። ወፊቱ ድንቢጥ ታክላለች። ቡናማ ናት፣ ጭረት የበዛባት፤ ደረቅ ሣር ላይ ካረፈች ዓይን ይስታታል። ብቻዋን ብዙም አትመጣም። መንጋው አፋፉ ላይ ወርዶ ዘር መልቀም ሲጀምር ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አጠገብ ድረስ ይደርሳል። ኮሽ ካለ ግን ሁሉም ባንዴ ገደሉ ውስጥ ይወረወራሉ፤ ከዚያ ከታች ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። ኬንያ የሚሄዱት እዚህ የሌለውን ፍለጋ እንደሆነም አስረዱ። የዝናብ ደን ወፍ ማየት ይፈልጋሉ፣ በተለይ ትልቁን ሰማያዊ ቱራኮ። ፍላሚንጎም ናኩሩ ላይ።

መልስ 5 ፍላሚንጎዋን ያዘ። ፍላሚንጎ ለማየት ድንበር መሻገር አያስፈልግም፤ ሐይቁ እየሸሸ ቢሆንም አብጃታ ላይ አለ። ናኩሩም የፖስት ካርዱ ናኩሩ አይደለም። ከ2010 ወዲህ ውሃው ሞልቶ ዳርቻውን፣ የፓርኩን ዋና በር ሳይቀር ዋጠው። ውሃው ሲሞላ ጨውና ሶዳው ይቀጥናል። ፍላሚንጎ የሚበላው ደቃቅ አልጌ ደግሞ የሚራባው ሶዳ ውሃ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙው ወደ ቦጎሪያ ሐይቅ ሸሸ። ትልቁን ነጥብ ግን መጨረሻ ላይ ነው ያመጣው። ናኩሩ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በእግር መሄድ ክልክል ነው። አንበሳ አለ፣ ጎሽ አለ። ማታቱው ናኩሩ ከተማ ያደርሳል፤ በሩ ላይ ግን መኪና የሌለው ሰው ይቆማል።

የዝና ዝርዝር ይዞ የሚነሳ ሰው ይህን መልስ ደግሞ ደጋግሞ ቢያነብ ጥሩ ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት ለሚሄድ ሰው ፓርክ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ በእግር የሚያስገባና የማያስገባ። ስንት ዓይነት ወፍ እንዳለበት የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

መልስ 6 ናይሮቢ ኢስሊ የምትኖር የሸኖ ልጅ ናት። እሷ ስለ ማታቱ ጻፈች፣ በደንብ። ማታቱ የእኛው ሚኒባስ ነው፣ 14 ሰው ይጭናል፣ እስኪሞላ አይነሳም። ረዳቱም እንደኛዎቹ ይጮኻል። ዝናብ ሲጥል ታሪፉ ይወጣል፤ ስለዚህ ዋጋ የሚጠየቀው ረዳቱ ሳይሆን አጠገብ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ናይቫሻ ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከናይቫሻ ከተማ ደግሞ በሐይቁ ደቡብ በኩል የሚሄድ ሌላ ማታቱ ይያዛል። ሐይቁ ዳር ድንኳን የሚያስተክሉም አልጋ የሚያከራዩም አሉ። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው የዓሣ አሞራው ጩኸት ነው። ከመሸ ግን ከግቢ መውጣት የለም፤ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ከዚያው መንገድ ሳይርቅ ሄልስ ጌት አለ። ከ1984 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ በእግርም በብስክሌትም ያስገባል። ብስክሌቱ መገንጠያው ላይ ይከራያል። ገደሉ ላይ የጥንብ አንሣ ጎጆ አለ። ገንዘብን በተመለከተ፣ የፓርክ ክፍያ በጥሬ ብር አይቀበሉም፤ በስልክ ነው። ኬንያ ውስጥ በስልክ የሚከፈልበት ኤምፔሳ ከ2007 ጀምሮ አለ፣ ሰው ሁሉ በሱ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ሞያሌን እንደተሻገሩ መጀመሪያ በፓስፖርት ሲም ካርድ ማውጣት ነው።

መልስ 7 አጭር ነው፤ ከሁሉም የበለጠብኝ ግን እሱ ነው። ጻፊው የደን ሥራ ጡረተኛ ናቸው፣ ከደብረ ሲና። መምህሩ ቦታ እየቆጠሩ ነው፣ አልጋ ግን አልቆጠሩም ብለው ጀመሩ። ወፍ የሚታየው ከ12 ሰዓት ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ግፋ ቢል ነው። በዚያ ሰዓት ማታቱ ገና ተሳፋሪ ይለምናል። ሞልቶ፣ ተነስቶ፣ መንገድ ላይ ሰው ጥሎ ሰው አንስቶ ሲደርስ ወፉ ጥላ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። ስለዚህ ከከተማ ተነስቶ ደርሶ መመለስ ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው። መኪና የሌለው ሰው ማደር ያለበት በሩን ከፍቶ ሲወጣ ወፍ ከሚያገኝበት ቦታ ነው። ማታቱው ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ለመሄጃ፣ ያውም ለቀትር። በዚህ ሂሳብ ሁለት ሳምንት ሦስት፣ ግፋ ቢል አራት ቦታ ይይዛል። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ጠዋት የቆየ፣ አምስት ቦታ ካየው የበለጠ ወፍ ያያል ብለዋል። ከልምድ የመጣ ነገር መሆኑ ያስታውቃል።

መልስ 8 ግን አልተቀበላቸውም። ወጣት ይመስለኛል፣ ትንሽም ስድ ነው። ሽማግሌ ሁሉን ነገር ከአልጋ ይጀምራል አይነት ነገር አለ። ቀልዱ ባይጥመኝም ያመጣው መረጃ ግን ደህና ነው። ናይሮቢ ውስጥ ራሱ ካሩራ የሚባል ጫካ አለ፤ በከተማ ማታቱ ደርሶ ቀኑን ሙሉ በእግር መዞር ይቻላል። ለግንባታ ሊቸበቸብ ሲል ዋንጋሪ ማታይ ተደብድባ ያስጣለችው ጫካ ነው። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘችው እሷው። ሌላም ነገረን። በ1909 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ከናይሮቢ ሙዚየም የሚነሳ የወፍ ጉዞ አለው። ሰው ይሰበሰባል፣ ያለውን መኪና ይጋራል፣ አብሮ ይሄዳል። ወፉን በድምፅ የሚለዩ ሰዎች አሉበት። ብቻውን ለሚሄድ መንገደኛ ከዚህ የተሻለ የለም።

መልስ 9 የካካሜጋ ነው። ከናይሮቢ አውቶቡስ አለ፤ ከካካሜጋ ከተማ በማታቱና በሞተር ጫካው ድረስ ይደርሳል። እዚያው ማደሪያ አለ፣ የአካባቢው ልጆች ይመራሉ፣ በእግር ነው። ካካሜጋ ከኮንጎ በኩል የሚመጣው የዝናብ ደን በምሥራቅ የተረፈው ጫፍ ነው፤ ብዙዎቹ ወፎች ኬንያ ውስጥ ከምዕራቡ በቀር ሌላ ቦታ አይገኙም። ሰማያዊው ቱራኮ ከእነሱ አንዱ ነው። ጻፊው አይቶታል። ከጭራው ጋር 75 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አይበርም ማለት ይቻላል ይላል፤ ቅርንጫፍ ላይ እየሮጠ ሄዶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ራሱን ይጥላል፣ ከዚያ ተንሳፍፎ ሌላ ዛፍ ላይ ይለጠፋል። ምንቃሩ ቢጫ ነው፣ ጫፉ ቀይ። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ስለሚዘንብ ቦቲ ጫማ መያዝ ነው። ከአውሮፓ ክረምት ሸሽተው የሚመጡት ወፎች በዚያ ወቅት እንደማይኖሩም አስታውሷል፤ እነሱን የፈለገ ከኅዳር እስከ የካቲት ይሂድ። አስተማሪ በኅዳር የት ይሄዳል? ሐምሌ ነው ያለው።

መልስ 10 የሞምባሳውን ባቡር አወደሰ። በ2017 የተከፈተ ነው፣ አምስት ሰዓት ግድም ይፈጃል፣ ቲኬቱ ቀድሞ ይያዛል። ከሞምባሳ ወደ ማሊንዲ የሚሄደው ማታቱ አራቡኮ ሶኮኬ ጫካ ጠርዝ ላይ ያልፋል። እዚያ በቁመት ከ20 ሳንቲ ሜትር የማትበልጥ ጉጉት አለች፤ ያለ መሪ አትገኝም።

መልስ 11 በሳቅ ገደለን። ነጋዴ ናት፣ ከሸዋ ሮቢት። ባቡሩ በ2 ሰዓት ይነሳል ብሎ የነገራት የሆቴሉ ዘበኛ ነው። እሷ ደግሞ ውጭ አገር ነኝ ብላ ሰዓቷን ወደ ፈረንጅ አዙራለች። ከቀትር በኋላ ተዘጋጅታ ጣቢያ ብትደርስ ባቡሩ ጠዋት ሄዷል። ኬንያዊ በስዋሂሊ ሲናገር ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው፤ 2 ሰዓት ማለት ጠዋት ነው። ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጁ ነው። በእኛው ቆጠራ ብትቆይ ኖሮ ባቡሩ አያመልጣትም ነበር።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተበላሸ። መልስ 12 ወደ ቁጥር 3 ተመልሶ አረመው። ሴሪኗ ከአንኮበር ሌላ የትም የለችም የሚለው ድሮ ነው፤ ሰሜን ተራሮችም ላይ ተገኝታለች። ለአንኮበር መኩራት የፈለገ ወደ ቆላው ወርዶ አልዩ አምባን ይይ፤ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነችው ዘር ለቃሚ ወፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሰበሰበችው እዚያ ነው፣ ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ጠፍታ የተገኘችውም በዚያው አቅራቢያ ነው። እርማቱ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ያሸማቅቃል። መልስ 13 የአንኮበሩ ልጅ ተናዶ መለሰ። መልስ 14 ጭራሽ መንገድ ሳተ። አገር ዶላር አጥታ፣ የአስተማሪ ደመወዝ ጤፍ አልገዛ ብሎ፣ ወፍ ለማየት ሽልንግ መመንዘር ነውር ነው አለ። እስከዚያ አንቱ ሲባሉ የነበሩት መምህር እዚህ ላይ አንተ ተባሉ። መልስ 15 ሰውየው በሳምንት ለአረቄ የሚያወጣውን እንዲያሰላ መከረው። ከዚያ ስለ አረቄ ዋጋ ትንሽ ተወራ። ዘለልኩት።

ያረጋጋችው መልስ 16 ናት፣ ከመሐል ሜዳ። ለቁጥር 14 መልስ አልሰጠችም፤ ጥሩ አደረገች። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ጠብቆ አቆይቷል። ቀይ ቀበሮው አለ፣ ክንፈ ሰማያዊው ዝይ አለ። ፈረንጅ በላንድክሩዘር ይመጣል። የደብረ ብርሃን ተማሪ ግን አያየውም፤ መኪና የለማ። ስለዚህ መምህሩ ኬንያ ሄደው የዚያን የረቡዕ ጉዞ አሠራር በደንብ እንዲያዩላት ጠየቀች። ማን ይጠራል፣ መኪናውን እንዴት ይጋራሉ፣ ከሰው ስንት ይወጣል፣ መነጽር የሌለውስ እንዴት ያደርጋል? እሱን አምጥተው ደብረ ብርሃን ላይ ቢጀምሩት ጉዞው ለእሷም ይጠቅማታል። ይሄ እስከዚያ በክሩ ውስጥ ያላየሁት ማዕዘን ነበር።

መልስ 17 የተግባር ሰው ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ድንበር ላይ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። በሶና ዳቦ ቆሎው በፌስታል እንዳይያዝ። ኬንያ ፌስታልን በ2017 ከልክላለች፤ ቅጣቱ በሕጉ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስር ይደርሳል። የጨርቅ ከረጢት ይሁን። ባይኖኩላር ፍተሻ ላይ ጥያቄ ስለሚያስነሳ የወፍ መጽሐፍ አብሮ ቢቀመጥ ማስረዳት ይቀላል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ በዋዜማው ሾፌሮቹን መጠየቅ ነው፤ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መልስ 18 ፓስፖርት ለማውጣት ስንት ጊዜ ወረፋ እንደጠበቀ ያወራል፣ ብዙ ያወራል። ከወፍ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ከቀሩት መልሶች ሁሉ የበለጠ መውደድ ያገኘው ግን እሱ ነው።

መልስ 19 መምህሩ ተመለሱ። ሁሉንም አመስግነው፣ አንተ ያላቸውንም ጭምር፣ አዲስ እቅድ አወጡ። ናኩሩ ወጣ። ሞምባሳና ጉጉቷ ለሌላ ክረምት ቀሩ። የቀረው ያቤሎ፣ ለረቡዑ ጉዞ ናይሮቢ፣ ናይቫሻ ሐይቁ ዳርና ካካሜጋ ነው። ከካካሜጋ ሲመለሱ አውቶቡሱ ናኩሩ ላይ ስለሚያልፍ ከተማዋን በመስኮት አያታለሁ ብለዋል። የሚነሱት ዓርብ ነው።

መልስ 20 ዓርቡን ጣለው። ያው የቁጥር 2 የቦረናው ሰው ነው። ዓርብ ከደብረ ብርሃን ተነስተው አዲስ አበባ ያድራሉ። ቅዳሜ ዲላ፣ እሁድ ያቤሎ። ሰኞ ጠዋት ወፉን አይተው ከሰዓት ሞያሌ ይገባሉ። ማክሰኞ ድንበሩን ይሻገራሉ፤ ከዚያ ናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ረቡዕ ንጋት ላይ እግራቸው አብጦ ሲወርዱ የሙዚየሙ ጉዞ ሊነሳ ነው። ሐሙስ ቢነሱ ግን ማክሰኞ ናይሮቢ ገብተው፣ ተኝተው፣ ሲም ካርዳቸውን አስተካክለው ረቡዕን ያገኙታል።

መልስ 21 ላይ መምህሩ በሐሙስ ተስማምተዋል። ሐሙስ ጠዋት የትምህርት ቤቱ የመዝጊያ ስብሰባ አለ፤ አስፈቅደው ከቀትር በኋላ ባለው መኪና ይወጣሉ። ከቁጥር 22 ጀምሮ ያለው ያገለገለ ባይኖኩላር አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል፣ ስንት ይሸጣል የሚል ክርክር ነው።